ሁለተኛው ፓኬጅ ማናጀር፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ጠባብ ነው። ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ፣ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ከሚመጣው ፓኬጅ ማናጀር፣ ማለትም ፕሮግራም ከሚጭነውና ከሚያድሰው መሣሪያ፣ ሌላ ተጨማሪ ፓኬጅ ማናጀር እንዴት እንደሚጫን፣ መቼ መጫን እንዳለበትና መቼ እንደሌለበት ነው የምናየው። ነገሩ ለባለሙያ ብቻ ይመስላል። መብራት በሥራ መሃል በሚጠፋበት፣ ዳታ በውድ በሚገዛበት፣ አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት አገር ግን ላቡ ዓመቱን ሙሉ ይሠራ ወይስ ግማሹ በተበላሸ ማሽን ይሞላ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩን አሁን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው የምናውቃቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎባቸው አቧራ እንዲለብሱ ከማድረግ ይልቅ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ተጭኖባቸው ገና ለዓመታት ሊያገለግሉ ይችላሉ። በዚህ መንገድ ወደ ሊኑክስ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ፕሮግራም ከየት አወርዳለሁ?» የሚል ነው።

በዊንዶውስ የለመድነው ከአንድ ድረ ገጽ አንድ ፋይል አውርዶ፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያሉ መሄድ ነው። ሊኑክስ ከመነሻው የተለየ መንገድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የዴቢያንን ፕሮጀክት ሲጀምር ያሰበው ብዙ ሰው ተባብሮ የሚያዘጋጀው፣ ሁሉም ፕሮግራም በአንድ ሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ተፈትሾና ተመዝግቦ የሚቀመጥበት ስብስብ ነበር። ጥቅሉን የሚፈታውና መዝገቡን የሚይዘው ዲፒኬጂ ነው። አፕት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 መጣ። አፕት ፕሮግራሙ ለመሥራት ምን ሌላ ነገር እንደሚፈልግ ራሱ አውቆ፣ የሚፈልገውን ሁሉ ከማከማቻው አምጥቶ በቅደም ተከተል ይጭናል። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የተወለደው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ካኖኒካል የተባለው የኡቡንቱ ኩባንያ ከ2005 እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ የኡቡንቱን ሲዲ በነጻ በፖስታ ይልክ እንደነበር አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አፕት ሲዲውንም እንደ ማከማቻ አድርጎ ማንበብ ይችላል። ይህን ያዙልኝ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ሊኑክስ መጫንና ማደስ ዛሬ የተፈጠረ ዘዴ አይደለም።

የአፕት ትልቁ በጎነት መዝገቡ በፊርማ የታሰረ መሆኑ ነው። ማከማቻው ያለውን ጥቅል ሁሉ ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱ ጥቅል ከይዘቱ የተሰላ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ዝርዝሩ ራሱ በዲጂታል ፊርማ ይፈረማል። በመንገድ ላይ አንድ ፊደል እንኳ ቢቀየር ኮምፒውተሩ «አልጭንም» ይላል። ጥቅሉ በፋይበር ይምጣ፣ በሞባይል ይምጣ፣ በፍላሽ ይምጣ ለውጥ የለውም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር እያለ ሁለተኛ ፓኬጅ ማናጀር ለምን አስፈለገ?

አንደኛ፣ አፕት አንድ እትም በያዘው ስሪት ላይ የሚረጋ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በወጣ ኡቡንቱ ላይ ያለው የካርታ ፕሮግራም ኪውጂአይኤስ ያኔ የነበረው ኪውጂአይኤስ ነው። የተፋሰስ ካርታ የሚሠራ የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ ወይም የእርሻ ምርምር ባለሙያ ከሌላ ቦታ በአዲሱ ስሪት የተሠራ ፕሮጀክት ቢላክለት አልከፈት ሊለው ይችላል። አዲሱን ለማግኘት ሲል ሥርዓቱን በሙሉ ይቀይር ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት በእኔ ግምት ለእኛ ይበልጣል፤ እርሱም መብራት ነው።

አፕት ሥርዓቱን እያሻሻለ ሳለ መብራት ጠፋ እንበል። ዲፒኬጂ አንዱን ጥቅል ፈትቶ፣ ሌላውን ገና ሳያዋቅር፣ ሦስተኛውን በግማሽ ጽፎ ይቆማል። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ይነሣል፤ ነገር ግን ማንኛውንም ነገር ለመጫን ስትሞክሩ «ዲፒኬጂ ተቋርጧል» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህን መልእክት ያየ ብዙ ሰው ደንግጦ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደርገዋል፤ ያለው ፋይል ሁሉ አብሮ ይሄዳል። መፍትሔው ግን አንድ መስመር ነው። ተርሚናል ከፍታችሁ «ሱዶ ዲፒኬጂ»፣ ቀጥሎ በሁለት ሰረዝ «ኮንፊገር»፣ ከዚያ በአንድ ሰረዝ «ኤ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በግማሽ የቀረውን ይጨርሰዋል። ካልበቃው «ሱዶ አፕት» ብላችሁ በሁለት ሰረዝ «ፊክስ ብሮክን»፣ ከዚያ «ኢንስቶል» ትሉታላችሁ። የላብ ኃላፊዎች ይህን ከግድግዳው ላይ ጽፋችሁ ብትለጥፉት ብዙ ማሽን ታድናላችሁ።

ከአፕት በኋላ የመጡት ፓኬጅ ማናጀሮች አንዳንዶቹ ይህን ችግር ከሥሩ አስበውበታል። ፍላትፓክ አዲሱን ስሪት ከአሮጌው ጎን ሙሉ በሙሉ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚቀይረው። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌው እንዳለ ይሠራል። ኒክስ የሚባለውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኔዘርላንድስ ኢልኮ ዶልስትራ የጀመረው ይህ ሥርዓት እያንዳንዱን ስሪት በየራሱ አቃፊ ያስቀምጣል፤ አዲሱ ካልተስማማችሁ ወደ ቀድሞው መመለስ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ኒክስን አከብረዋለሁ፤ ለፕሮግራም ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው። ለትምህርት ቤት ላብ ግን አልመክረውም። ቋንቋው ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል፤ ዲስክም ይበላል።

ወደ ፍላትፓክ ልመለስ፤ ዛሬ ላስጨብጣችሁ የምፈልገው እርሱን ነው። ፍላትፓክን የጀመረው የሬድ ሃቱ አሌክሳንደር ላርሰን ነው። ስሙ በ2016 ወጣለት፤ 1.0 የተባለው ስሪቱ በ2018 ደረሰ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን መሠረት ከኮምፒውተሩ አይወስድም፤ «ራንታይም» የሚባል የራሱን መሠረት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አሮጌ ኡቡንቱ ላይም አዲስ ፕሮግራም ይሠራል።

አንኮበርን የምታውቁ ሁኔታውን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ከላይ ከአንኮበር ተራራ ላይ ሲሆን፣ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ነጋዴ የሚያርፍበት ገበያ ግን ከታች፣ ከአልዩ አምባ ነበር። የሩቅ አገር ሸቀጥ እዚያ ይራገፋል፣ እዚያ ይቀረጣል፣ እዚያ ይሸጣል። የንጉሡ ግምጃ ቤት በየነጋዴው ጭነት አይደበላለቅም። ፍላትፓክም በኮምፒውተራችሁ ላይ የሚይዘው ቦታ እንዲህ ያለ ነው። የራሱ ስፍራ አለው፤ ከሥርዓቱ ፋይሎች ጋር አይቀላቀልም፤ ቢበላሽ ወይም ቢያስጠላችሁ እርሱን ብቻ ታነሡታላችሁ እንጂ አፕት የያዘው አይነካም።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ሚንት ያላችሁ አስቀድሞ ስላለ ምንም አትጭኑም። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ያላችሁ በመጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥላችሁ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፍላትፓክ» ትላላችሁ። ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ፓኬጅ ማናጀር የሚገባው በመጀመሪያው እጅ ነው፤ ስለዚህ አመጣጡ በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ፊርማ የተረጋገጠ ነው። ከዚያ «ፍላትፓክ ሪሞት አድ» በሚለው ትእዛዝ ፍላትሀብ የሚባለውን ማከማቻ ታስመዘግባላችሁ። ፍላትሀብ የሚሰጣችሁ የምዝገባ ፋይል የፊርማውን ቁልፍ በውስጡ ይዟል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ታበራላችሁ። ከዚህ በኋላ «ፍላትፓክ ኢንስቶል ፍላትሀብ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም መጨመር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የላብ ኃላፊዎች አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ፍላትፓክ በሁለት መንገድ ይጭናል፤ ለመላው ኮምፒውተር ወይም ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ። ለአንድ ተጠቃሚ ሲሆን የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ስለዚህ ተማሪዎች ይወዱታል። ነገር ግን በአንድ ማሽን ላይ ሃያ ተማሪ በሃያ ስም ቢገባና ሁሉም አንዱን ፕሮግራም ለየራሱ ቢጭን፣ ያ ፕሮግራምና ራንታይሙ ሃያ ጊዜ ይወርዳል፤ ሃያ ጊዜም ዲስክ ይይዛል። ራንታይም ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ኃላፊው አንድ ጊዜ ለሁሉም ይጫነው። የማያገለግል አሮጌ ራንታይም ሲከማች ደግሞ «ፍላትፓክ አንኢንስቶል» ብሎ በሁለት ሰረዝ «አንዩዝድ» ማለት ነው፤ ቦታው ይለቀቃል።

ስናፕ የት ገባ የምትሉ ትኖራላችሁ። የካኖኒካል ፓኬጅ ማናጀር ነው፤ ከኡቡንቱ ጋር ተጭኖ ይመጣል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ «አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብትሉ እንኳ የሚገባው የስናፕ ፋየርፎክስ ነው። ይህ ተጠቃሚን ሳይጠይቁ መንገድ መቀየር ነው፤ ቀደም ሲል በክሮሚየም ብሮውዘር ላይ እንዲሁ በመደረጉ የሊኑክስ ሚንት አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሚንት 20 ላይ ስናፕ ሳይታዘዝ እንዳይገባ ዘግተዋል። ልክ አድርገዋል እላለሁ። ስናፕ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን ጠይቆ ካገኘ ራሱ ያወርዳል። ገደብ የሌለው ዋይፋይ ላለው ሰው ይህ መልካም ነው፤ የደኅንነት ማሻሻያ ሳይዘገይ ይደርሰዋል። ከስልኩ ዳታ አጋርቶ ለሚሠራ መምህር ግን ሒሳቡ ሳያውቀው ያልቃል። ስናፕ ካላችሁ «ስናፕ ሪፍሬሽ» ብላችሁ በሁለት ሰረዝ «ሆልድ» በሉት፤ ይቆማል። ዋይፋይ ባገኛችሁ ጊዜ ደግሞ ራሳችሁ አዘምኑት፤ አቁማችሁ እንዳትረሱት።

ማከማቻ ሁሉ እኩል የሚታመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 በስናፕ ስቶር ውስጥ አንድ የ2048 ጨዋታ በውስጡ በድብቅ ክሪፕቶ የሚቆፍር ፕሮግራም ይዞ ተገኝቷል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የታወቀ የክሪፕቶ ቦርሳ መስሎ የገባ ሐሰተኛ ፕሮግራም የአንድ ሰው 9 ቢትኮይን ዘርፏል። ሁለቱም የተፈረሙ ጥቅሎች ነበሩ። ፊርማ «ይህ ከዚህ ማከማቻ የመጣ ነው፣ በመንገድ አልተነካም» ብቻ ይላል፤ ያስገባው ሰው ቅን ነው አይልም። ፍላትሀብም ከዚህ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ፕሮግራሙን ያስገባው ባለቤቱ ራሱ መሆኑ ሲረጋገጥ በገጹ ላይ የማረጋገጫ ምልክት ይደረግለታል፤ እርሱን እዩ። ፕሮግራሙ የጠየቀውንም ፈቃድ ተመልከቱ። የቤት አቃፊያችሁን በሙሉ ለማየት የሚጠይቅ ካልኩሌተር ምን ሊያደርግበት ነው? ፍላትሲል የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ይህን ፈቃድ በመዳፊት እየነካካችሁ እንድትከፍቱና እንድትዘጉ ታደርጋለች።

የፓይተን ፓኬጅ ማናጀር የሆነውን ፒፕን በአጭሩ ልለፈው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ፓይተን የምትማሩ፣ «ሱዶ ፒፕ ኢንስቶል» አትበሉ። ከሥርዓቱ ዕቃዎች ብዙዎቹ በፓይተን የተጻፉ ስለሆኑ ፒፕ የእነርሱን መሠረት ሲረግጥባቸው ይሰበራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2023ቱ ዴቢያን 12 ጀምሮ ሥርዓቱ ራሱ እምቢ ይላል። እምቢ ሲላችሁ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ማስገደጃ ቃል አትጨምሩ፤ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚል ነው፤ የሚያደርገውን በግልጽ ይናገራል። «ቬንቭ» የሚባለውን ለብቻው የተለየ የፓይተን ስፍራ ፍጠሩና በእርሱ ውስጥ እንደ ልባችሁ ጫኑ። ከአንድ ድረ ገጽ ላይ የተገለበጠ፣ ስክሪፕት አውርዶ ወዲያው በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ትእዛዝም እንዲሁ ነው፤ ሳታነቡት አታስኪዱት።

አማርኛን በተመለከተ ከልቤ የምለው አለኝ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው ለዓመታት ደክመውበት ነው። ያ ድካም ፍሬ አፍርቶ ዛሬ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የፊደል ጥቅል በዴቢያንና በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ ይገኛል። አማርኛ መጻፊያውም አይባስ በተባለው የመጻፊያ ሥርዓት በኩል አለ፤ በላቲን ቁልፎች «ሰላም» ብላችሁ እንደምትጠሩት ትጽፉታላችሁ። እነዚህን ሁልጊዜ በአፕት ጫኑ፤ ከፍላትፓክ አትፈልጓቸው። ፍላትፓክ የኮምፒውተሩን ፊደሎች ያያል። ስለዚህ ከታች በትክክል ከተጫኑ ከላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ አማርኛን አሳምሮ ያሳያል። አማርኛ የማይጻፍበት ላብ ለትምህርት ቤት ሙሉ ላብ አይደለም፤ ማሽኑን ስታዘጋጁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ጫኑ።

አሁን ወደ አንኮበር እንሂድ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኔትወርኩ ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም አይተናል። በዚያ ወቅት ፕሮግራም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። አብዛኛው የዞረው አንድ አንድ የደብ ፋይል፣ ማለትም የዴቢያን ጥቅል፣ ነው፤ ትልቁ አደጋ ያለውም እዚያ ላይ ነው። አፕት ከማከማቻ ሲያወርድ ፊርማ ያያል። ከፍላሽ ላይ ያነሣችሁትን ብቸኛ የደብ ፋይል በቀጥታ ስትጭኑ ግን የሚፈተሽ ፊርማ የለም። የሰጣችሁ ሰው ወዳጃችሁ ቢሆንም እርሱም ከሌላ ሰው ተቀብሎት ይሆናል። ስናፕ ፋይል በእጅ ሲመጣም አብሮት የማረጋገጫ ፋይል መምጣት አለበት። ከሌለ ሥርዓቱ «ዴንጀረስ» የሚል ቃል ካልጨመራችሁ አይጭንም፤ አትጨምሩ።

ፍላትፓክ ለዚህ በቂ መላ አለው። ደብረ ብርሃን ላይ ኢንተርኔት ባለው አንድ ማሽን ላይ የምትፈልጉትን ፕሮግራሞች አንድ ጊዜ ታወርዳላችሁ። ከዚያ «ፍላትፓክ ክሪኤት ዩኤስቢ» በሚል ትእዛዝ ፕሮግራሞቹን ከነራንታይማቸውና ከነፊርማቸው ወደ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ታሻግራላችሁ። ከዚያ በፊት «ኮሌክሽን አይዲ» የሚባለውን የማከማቻውን መለያ በሁለቱም ማሽኖች ላይ መሙላት አይዘንጋ፤ እርሱ ካልተሞላ አይሠራም። አንኮበር ያለው ኮምፒውተር ፍላትፓክ አስቀድሞ ተጭኖበት፣ ፍላትሀብም ተመዝግቦበት ከሆነ፣ ፍላሹን ሰክታችሁ ከ«ፍላትፓክ ኢንስቶል» ቀጥሎ በሁለት ሰረዝ «ሳይድሎድ ሪፖ» ብላችሁ የፍላሹን አድራሻ ትሰጡታላችሁ። ፊርማውን እዚያው ይፈትሻል፤ ትክክል ካልሆነ አይጭንም። ፍላሹ በስንት ቫይረስ ባለበት ካፌ ቢያልፍም ጥቅሉ ካልተነካ ያልፋል፤ ከተነካ ይወድቃል።

ለአፕትም እንዲሁ ይቻላል። «አፕት ሚረር» የአንድ እትም ማከማቻን በሙሉ ወደ ዲስክ ይገለብጣል፤ ለአንድ የኡቡንቱ እትም አንድ ቴራባይት ዲስክ ይበቃል። «አፕት ካቸር ኤንጂ» ደግሞ በአንድ ላብ ውስጥ ለሠላሳ ማሽን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ለመጀመሪያው ማሽን የወረደውን ሌሎቹ ከእርሱ ይወስዳሉ። ይህን ለመሥራት አዲስ ሰርቨር መግዛት አያስፈልግም፤ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል።

ስለዚህ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሐሳብ የሚከተለው ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ኮሌጆች ያሏት፣ ሊኑክስ የሚያውቁ ልጆች የሚወጡባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ አንድ የታወቀ ማከማቻ ይቀመጥ፤ አንድ ሰው በኃላፊነት ይያዘው፤ በወር አንድ ጊዜ ይታደስ። ከእርሱ እየተቀዳ አንድ አንድ ዲስክ ወደ አንኮበር፣ ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ መንዝ ትምህርት ቤቶች ይሂድ። በዲስኩ ላይ የአፕት ማከማቻው፣ የአማርኛ ፊደልና መጻፊያው፣ ሊብረኦፊስ፣ ኪውጂአይኤስ፣ ጂምፕና ኢንክስኬፕ ይኑሩ፤ መምህራን የሚጠይቁት ይጨመር። በየትምህርት ቤቱ አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች አጫጫኑን ይወቁ። ተማሪዎቹ ሁለት ይሁኑ የምለው አንዱ ተመርቆ ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ ነው።

የመጀመሪያውን ዲስክ አዘጋጅቼ ይዤዋለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከአንኮበር የመጣችሁት መምህራን ዛሬ ማታ ሳትመለሱ፣ ላፕቶፕ ካላችሁ ከጎኔ ተቀመጡና ፍላትፓኩን አብረን እንጫን፤ የኮሌክሽን መለያውንም አብረን እንሞላለን። ለቀራችሁት ጥያቄ ካላችሁ አሁን ጠይቁኝ።